እስኪስተካከል ድረስ

የጋሼ ሰይድን ሞት የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ደውሎ የነገረኝ ሸዋ ሮቢት አብሮን ያስተምር የነበረው ታደሰ ነው። «ጥሩዬ፣ ጋሼ ሰይድ አረፈ» አለኝ። ቀብሩ መቼ ነው እያልኩ ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ። «ቀበርነውኮ። ጠዋት አረፈ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ወሰድነው።»

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የሙስሊም ቀብር እንደማይቆይ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በሕይወቱ ለአንድም ነገር ቸኩሎ የማያውቅ ሰው፣ በዚያች በመጨረሻዋ ቀን ብቻ ተቻኩሎ ያመለጠኝ መሰለኝ።

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ያሳደገኝ። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሮቢት ስደርስ ቆዳዬንም ማውለቅ ቢቻል ደስ ባለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ራሴን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው መጥቶ የእጁን ጀርባ ግንባሬ ላይ አሳረፈ።

«ወባ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ውሃ ጠጪ» ብሎኝ ሄደ።

ጋሼ ሰይድን ያወቅሁት እንዲህ ነው። የፊዚክስ መምህር ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ የከተማውን ሰው ሬድዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ነገርን ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው በእጁ ጀርባ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ይሁን፣ የክፍል የብረት በር ይሁን፣ ያመመው ሰው ግንባር ይሁን። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ኤሌክትሪክ መዳፍሽን ካገኘው ጨብጦ ያስቀርሻል። ጀርባውን ካገኘው ገፍቶ ይለቅሻል» አለኝ።

ትውልዱ ከጀውሃ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። ቤተሰቦቹ ማሽላና ማሾ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ሳውቀው አርባን አልፏል፤ ሚስት ግን አላገባም ነበር። የሚጠይቀው ሰው ሲበዛ «ቤቴ ይስተካከል» ይላል። ቤቱ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ፈስሶበት አልቋል። እሱ ግን የበሩ አገጣጠም አልጣመውም። አውልቆ እንደገና ያስገጥማል፤ ከዚያ ደግሞ መስኮቱን ያያል። «ይስተካከል» የምትለዋ ቃል ከአፉ አትጠፋም ነበር። ተማሪዎች ሳይቀሩ ከኋላው እየሄዱ በሱ ድምፅ «ይስተካከል፣ ይስተካከል» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እሱም ይሰማል፤ አይቆጣም።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ የገባኝ ወንድሙን አሊን ሳይ ነው። የአሊ ቀኝ እጅ ደርቋል፤ ማጭድ የሚይዘው በግራው ነው። ነገሩን የነገረኝ ጋሼ ሰይድ ራሱ ነው። ወጣት ሳለ ጀውሃ ላይ የአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን እየጠገነ ነበር። ኳስ ሊጀመር ደርሶ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም «ቶሎ በል» ይለዋል። እሱም የኋላ ክዳኑን ሳይገጥም ቴሌቪዥኑን አበራውና ዞር አለ። ታናሽ ወንድሙ ምስሉን አስተካክላለሁ ብሎ እጁን ከኋላ ሰደደ።

«ሰው አቻኮለኝ ማለት ቀላል ነው። የቸኮልኩት ግን እኔ ነኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ሉባባ የትምህርት ቤታችን ታይፒስት ነበረች። የአጣዬ ልጅ ናት፤ ሠላሳን የጠጋች፣ ሳቋ ከቢሮዋ ወጥቶ ሜዳው ላይ የሚሰማ ሴት። ስትጽፍ ታይፑን ሳታይ ከሰው ጋር እያወራች ነው። ጋሼ ሰይድ በቢሮዋ በኩል ሳያልፍ ክፍል አይገባም። በራፉ ላይ ቆም ይልና «ያቺ ፊደል አሁንም ትይዛለች?» ይላታል። እሷም «ትይዛለች፣ ጋሼ፤ ይዩልኝ እስቲ» ትለዋለች። ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለው። እሱ ይገባና ታይፑን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ይገጥማል። ያልተበላሸ ታይፕ ሲጠግን ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። እኛ መምህራኑ እንተያያለን፤ እነሱ ግን ከዚህ ያለፈ ነገር ተባብለው አያውቁም።

በዚያ ሁኔታ ሳሉ የሪፎርም ወሬ መጣ። መሥሪያ ቤት ሁሉ እንደ አዲስ ይደራጃል፤ ለጸሐፊነት የሚወዳደር ሁሉ በኮምፒውተር ይፈተናል ተባለ። ያኔ ሮቢት ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያላቸውም በጨርቅ ሸፍነው ነው የሚያስቀምጡት እንጂ ሰው አያስነኩም። ሉባባ ሳቋ ቀነሰ። አንድ ቀን መምህራን ክፍል መጥታ «እኔ ያንን ነገር በዓይኔም አይቼው አላውቅ። በምን እፈተናለሁ?» አለች።

ጋሼ ሰይድ መነጽሩን አውልቆ እፍ አለበትና «ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ አለ» አላት።

እውነትም ነበረ። በደርግ ጊዜ ለዕርዳታ ሥራ የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ ለትምህርት ቤቱ የተዉት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አማርኛ መጻፊያም ነበረው። አውጥተን ጠረግነው፤ ዳይሬክተሩም እኛም ከበን ቆምን። ሶኬቱ ሲሰካና ማብሪያው ሲጫን ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ሉባባ አጨበጨበች። ወዲያው ጧ! አለና ከጀርባው ጭስ ወጣ። ሁላችንም ወደ በሩ ሮጥን። ጋሼ ሰይድ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ።

ዳይሬክተሩ «ይጣል» አለ። ጋሼ ሰይድ «ለኔ ስጡኝ» አለ። ወደ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ወሰደውና ከፈተው።

የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ሆድ እንዲስማማ አድርጎ የሚያቀብለው የብረት ሳጥን። ውስጡን አሳየኝ። ኮንደንሰር የሚላቸው፣ ትናንሽ ጣሳ የሚመስሉ ዕቃዎች አናታቸው አብጧል፤ አንዳንዶቹ ቡናማ ፈሳሽ አንጠባጥበዋል። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮው ሲነሳ መብራታችን ይደክማል፤ ሲያቆም ደግሞ ድንገት ይደምቃል። ሙቀቱ አለ፣ አቧራው አለ።

«እንደነበረ ብመልሰው ተመልሶ ይቃጠላል» አለኝ። «ይኼ ሳጥን የተሠራው ለብርድ አገር ነው። ለሮቢት ሙቀት የሚችል ኮንደንሰር፣ ጠንከር ያለ ማራገቢያ፣ ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልገዋል። ከነበረበት ማሻሻል ነው ያለብኝ።»

ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሳጥኑን ዝም ብሎ አይነካውም። ትንሽ አምፖል አምጥቶ ከትልቁ ኮንደንሰር እግሮች ጋር ያገናኛል። አምፖሉ ብልጭ ይልና ቀስ እያለ ይጠፋል። «አየሽ? ተነቅሎም ይዟል» ይለኛል።

ሉባባ ከሥራ በኋላ ላቦራቶሪው ትመጣለች። በሩ ገርበብ ሳይል ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ደብተር እያረምኩ እዚያው ነኝ። ጋሼ ሰይድ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ለብቻው ነቅሎ ሰጥቷት ነበር። ከምንም ጋር ባልተያያዘው ኪቦርድ ላይ ቁጭ ብላ ትለማመዳለች። እሱ አፍንጫው ሥር የመበየጃ ካውያ ይዞ ሲበይድ፣ እሷ ትጽፋለች።

«አሁን ምን ጻፍሽ?» ይላታል ቀና ሳይል።

«አይነበብም እንጂ ጽፌዋለሁ» ትለዋለች እየሳቀች። እሱም ፈገግ ይልና እንደገና ያቀረቅራል።

እነዚያ ቀናት ዛሬም ትዝ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያመኛል።

ችግሩ ዕቃው ነበር። ኮንደንሰሩ ከመርካቶ እንዲመጣ ጋሼ ሰይድ በአንድ የሚያውቀው ሾፌር ልኮ ነበር። ሾፌሩ አመጣ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ጋሼ ሰይድ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አነበበና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኼ ሙቀት የሚችለው አይደለም።»

«ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለች ሉባባ።

«ይሠራል። ግን ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬም ሊፈነዳ ይችላል፣ የዛሬ ዓመትም። ትክክለኛውን መልሼ ልኬ አስመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ፈተናውኮ ደረሰ። እስከዚያ ብቻ ይሥራልኝ፤ ከዚያ በኋላ ይቃጠል።»

«ስትጽፊበት ቢፈነዳስ?»

«ይፈንዳ! ፊቱ የኔ ነው!»

«አይሆንም፣ ሉባባ። ይስተካከል።»

ተነሳች። ኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ሽቦው ወደ መሬት ተንጠለጠለ። ከዚያ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ሰማሁ። «አንተ» አለችው። «አንተ እኮ የምትፈራው እንዳልቃጠል ነው። እንዲሁ እንዳልቀር ግን አትፈራም።»

ወጥታ ሄደች። ጋሼ ሰይድ ካውያውን ነቀለ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠ፤ በእጁ ጀርባ ነካ ያደርገዋል፣ እንደገና ይጠብቃል። እኔም የማርመው ደብተር ላይ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ፈተናው ትክክለኛው ዕቃ ሳይመጣ ደረሰ። ሉባባ ስትመለስ ቢሮዋ ሄጄ እንዴት ነበር አልኳት።

«ማብሪያው ጠፋኝ» አለችኝ። «የኛው ኮምፒውተር ማብሪያው ከኋላ ጎኑ አይደል? እዚያ እጄን ሰድጄ ስፈልግ፣ ለካ የነሱ ከፊት ነው። ሰው ሁሉ መጻፍ ጀምሯል፣ እኔ ግድግዳና ኮምፒውተር መሀል እጄን ከትቼ እዳብሳለሁ። ከዚያ በኋላ ሲያበሩልኝ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።»

አላለፈችም። ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዕቃዋን ሸክፋ ወደ አጣዬ፣ እህቷ ቤት ሄደች። ልትሰናበተን መምህራን ክፍል መጥታ አንድ በአንድ ሳመችን፤ ጋሼ ሰይድ ክፍል ገብቶ እያስተማረ ነበር። ስትወጣ በክፍሉ መስኮት በኩል አየችው። እሱም አያት፤ ጠመኔውን ይዞ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ይጠብቁታል። በሩን ከፍቶ ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደ ሰሌዳው ዞረና ያቋረጠውን ጨረሰ።

ኮንደንሰሮቹ በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። ሙቀት የሚችሉት ነበሩ። ጋሼ ሰይድ አንድ በአንድ በየዳቸው፤ ማራገቢያውን ቀየረ፤ ሽቦውን ቀየረ፤ በመጀመሪያ በአምፖል፣ ከዚያም በኮምፒውተሩ ሞከረው። ወፍጮው እየሠራ፣ መብራቱ እየወጣ እየወረደ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ዳይሬክተሩ ጨበጠው፤ መምህራኑም አጨበጨቡ። እሱ ስክሪኑን እያየ «አልሃምዱሊላህ» አለ፤ ደስታ የሌለው አልሃምዱሊላህ ነበር። ከዚያ አጠፋውና ኪቦርዱን ከሥር አነሳ፤ የተንጠለጠለውን ሽቦ ጠቅልሎ አሰረው።

ትምህርት ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይመጣሉ ስለተባለ አሮጌውን አልፈለገውም። ጋሼ ሰይድ ለሉባባ ሊሰጠው ዳይሬክተሩን አስፈቀደና እኔን «ጥሩዬ፣ አጣዬ ትሸኚኛለሽ? ብቻዬን ሴት ቤት መሄድ ደግ አይደለም» አለኝ። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ዕቃውን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢል ጋሼ ሰይድ እምቢ አለ። ስክሪኑን እኔ ታቀፍኩ፤ እሱ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አደረገ። ጀውሃን አልፈን፣ ሰንበቴን አልፈን አጣዬ እስክንገባ ድረስ እንደ ሕፃን ይዞት ነበር።

ሉባባ የእህቷ ሱቅ ውስጥ የፕላስቲክ ጆግና ባልዲ እየደረደረች አገኘናት። ስታየን ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ሻሿን አስተካከለች። ጓዳ አስገባችን። ጋሼ ሰይድ ሰላምታውን ሳይጨርስ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ይገጣጥም ጀመር። ሶኬቱን ሰካ። ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም።

«መብራት የለምኮ፣ ጋሼ» አለችው ሉባባ። «ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል።»

ተቀመጥን። ሻይ ጠጣን። እህቷ መጥታ ስትጫወት፣ ሉባባን አንድ የካራቆሬ ነጋዴ እንደጠየቃትና ሽማግሌ እንደመጣ ነገረችን። ሉባባ ቀና አላለችም። መብራቱ አልመጣም። እህቷ ወደ ሱቁ ስትመለስ ሉባባ ሙሉ ለሙሉ ወደሱ ዞረች።

«እርስዎ ሁልጊዜ ትክክል ነዎት» አለችው። «ያኔም ትክክል ነበሩ። ግን ጋሼ፣ እኔ እዚያ ላቦራቶሪ እመላለስ የነበረው ለኮምፒውተሩ ብቻ ይመስልዎታል?»

ጋሼ ሰይድ አያት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መነጽሩን አወለቀ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ አደረገው።

«ፊውዙ ቢቃጠል» አለ በመጨረሻ፣ «መለዋወጫ ከውስጥ በኩል አስሬልሻለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሉባባ ግን አልተቀየመችም። ለረጅም ጊዜ አየችውና «አላህ ይስጥልኝ» አለችው።

ስንመለስ ባዶውን ጋቢ ጭኑ ላይ አጥፎ ይዞ ነበር። ጀውሃ ስንደርስ ግን ድንገት «ወራጅ!» አለ። አብሬው ወረድኩ። አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ አጣዬ በሚሄደው በኩል ቆመ። ከባድ መኪናዎች አቧራቸውን እያለበሱን ያልፋሉ።

«አሁን ሄጄ ልንገራት?» አለኝ።

«ሂድ እንጂ! እኔ በሌላ መኪና እመለሳለሁ።»

አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ «አጣዬ! አጣዬ!» ይላል። ጋሼ ሰይድ የበሩን እጀታ በእጁ ጀርባ ነካውና እዚያው ቀረ።

«ሽማግሌ የተላከባትን ሴት እንዲህ በባዶ እጄ ሄጄ ምን እላታለሁ? ነውር ነው። እኔም ሽማግሌ ይዤ፣ በሥርዓቱ ነው የምሄደው። ለጁምዓ አጎቶቼን አነጋግራለሁ። ይስተካከልና…»

ሚኒባሱ ሄደ። እሱም ትክክል ነበር፤ እንደዚያ ነው ወጉ። አጎቶቹን ሰበሰበ፤ አንዱ ታሞ ነበርና እስኪሻለው ተጠበቀ፤ ከዚያም ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ አጣዬ ሲደርሱ የሉባባ ኒካሕ ከካራቆሬው ነጋዴ ጋር ታስሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ይስተካከል» ሲል አልሰማሁትም። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ለትምህርት ቤቱ ሲመጡ፣ ዳይሬክተሩ ልጆች ያበላሹብናል ብሎ ሊቆልፍባቸው ሲል ጋሼ ሰይድ ቁልፉን ተቀብሎ ልጆቹን በመጀመሪያው ቀን አስነካቸው። «ይበላሽ! እጠግነዋለሁ» አለ። የበሩን ነገር ትቶ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ ብቻውን። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ፤ በየዓመቱ በዓል ሲሆን ይደውልልኝ ነበር። ስለ ሉባባ ግን አንስቶብኝ አያውቅም።

ታደሰ በደወለልኝ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ለመድረስ ወረድኩ። የተለቀሰው መንደር፣ አሊ ቤት ነበር። ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ዳስ ስገባ፣ ጥግ ላይ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ሉባባ ነበረች። ወፈር ብላለች፤ ሴት ልጇን ይዛ ነበር የመጣችው። ተቃቅፈን ተላቀስን። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ባሏ ደህና ሰው እንደሆነ ነገረችኝ። ልጆቿ መጀመሪያ ስማቸውን የጻፉት በዚያ ኮምፒውተር ላይ እንደነበረ፣ ብዙ ዓመት እንዳገለገላት ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያን ቅዳሜ እናንተ ከቤት እንደወጣችሁ መብራት መጣኮ» አለችኝ። «ማብሪያው ተጭኖ ነበርና በራሱ ተነሳ። ጓዳው ድምፅ ሲሰጥ ሮጬ ወጣሁ። በነጠላ ጫማ መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። ሠራ ብዬ ልነግረው፤ ያንን ብቻ ሳይሆን ሌላም ልነግረው። ሚኒባሱ ወጥቷል አሉኝ።»

እሷ የሻሿን ጫፍ በጣቶቿ እያፍተለተለች ጠየቀችኝ። «ጥሩዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በመንገድ ላይ ምንም አላለም?»

«ጀውሃ ላይ ወረደ።»

«ለምን?»

«ወደ አንቺ ልመለስ ብሎ።»

ዳሱ ውስጥ ቁርኣን እየተቀራ ነበር። ቆይታ፣ «በየትኛው በኩል ነበር የቆመው?» አለችኝ።

«ወደ አጣዬ በሚሄደው በኩል።»

ሻሿን ወደ ዓይኖቿ ሳበች። ልጇ ከዳሱ ደጃፍ ሆና «እማ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» አለቻት። ሉባባ ግን ልጇ ደጋግማ እስክትጠራት ድረስ አልተነሳችም።